የኦ. ቶሊቨር ኪሳራ

«ሴትዮዋ ከስራለች። በአፏ መናገር አሳፍሯት ነው እንጂ መዝገቡ ላይ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል» ሲል ሰማችው ኦዴሳ ቶሊቨር። የብድር ክፍሉ ሠራተኛ ለአለቃው በሹክሹክታ የነገረው መስሎት ነበር፤ ነገር ግን የቁጠባና ብድር ማኅበሩ ቢሮ ግድግዳ ስስ ነው፣ በሩም ገርበብ እንዳለ ነበር። ኦዴሳ ከወንበሩ ጫፍ ላይ እንደተቀመጠች ጠረጴዛው ላይ ያለውን የከረሜላ ሳህን ማየቷን ቀጠለች። ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሠላሳ አንዱን ዓመት የሜምፊስን ልጆች በአውቶቡስ ትምህርት ቤት ስታደርስና ስትመልስ ኖራለች፤ አሁንም የሥራ ጃኬቷን አላወለቀችም፣ የአውቶቡሱ ቁልፍ ወገቧ ላይ ተንጠልጥሏል። የጠዋቱን ጉዞ ጨርሳ የወጣችው ሦስት ሰዓት ላይ ሲሆን፣ ለከሰዓት በኋላው ጉዞ ለስምንት ሩብ ጉዳይ ሲል ግቢ ውስጥ መገኘት አለባት። በሕይወቷ ከማንም አንድ ዶላር ወስዳ ያልመለሰችበት ጊዜ የለም። መኪናዋን እንኳ የገዛችው ገንዘቡን አጠራቅማ፣ በፖስታ አድርጋ ቆጥራ ነው። እናም «ከስራለች» የሚለው ቃል ስለ ሌላ ሰው የተነገረ ይመስል መጀመሪያ ላይ ምንም አልተሰማትም፤ ቆይቶ ነው ፊቷን የሞቃት።

ፕሬንቲስ የሚባለው ወጣት ወረቀቶቹን ይዞ ተመለሰ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ክራቫቱን አጥብቆ አስሯል፣ ሴት አያቱ ኦዴሳ የምትሄድበት ቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ናቸው።

«ሚስ ኦዴሳ፣ ይቅርታ አስጠበቅኩዎት።»

«ሰምቼሃለሁ የኔ ልጅ። በሩን ዝጋውና ንገረኝ።»

ልጁ አንገቱን ደፋ፤ በሩን ገፋው፣ በሩ ግን ተመልሶ ተከፈተ። ከዚያ የኮምፒውተሩን ገጽ ወደ እሷ አዞረላት። ቶሊቨር፣ ኦ.፤ የፌዴራል የኪሳራ ፍርድ ቤት፣ ሜምፊስ፤ ከስድስት ዓመት በፊት የተከፈተ መዝገብ። ከአምስት ሳምንት በፊት ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳያት ጊዜ ኦዴሳ ስህተት ነው ብላ ለብድር መረጃ ድርጅቱ አቤቱታ ጽፋ ነበር፤ የመታወቂያዋን ቅጂ አያይዛ፣ በአደራ ደብዳቤ። መልሱ ሁለት መስመር ነው። አቤቱታዎ ተመርምሯል፤ መረጃው ትክክል መሆኑ ተረጋግጧል።

«ማንን ጠይቀው ነው ያረጋገጡት?» አለች ኦዴሳ።

«እሱን አይጽፉም።»

«እኔን አልጠየቁኝም።»

«እርስዎን አይጠይቁም ሚስ ኦዴሳ። አንድ ነገር ልንገርዎት፤ ዛሬ ከመዝጋታችን በፊት የእርስዎ እንዳልሆነ የሚያሳይ ወረቀት ከፍርድ ቤቱ ካመጡልኝ፣ በእኛ በኩል ባስቸኳይ እንዲታይ መላክ እችላለሁ። ሁለት ሦስት ቀን ነው የሚፈጀው። ከዚያ ውጪ እጄ የታሰረ ነው።»

ኦዴሳ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት የተከራየችው ቤት ነው ነገሩ። ሁለት መኝታ፣ ከፊት ለፊት በረንዳ፣ ከጓሮ አንድ ያረጀ የፔካን ዛፍ። ባለቤቱ ሚስተር ካስቴሎ ሰማንያ አንድ ሞልቷቸዋል፤ ሀንትስቪል ያለችው ልጃቸው ልትወስዳቸው ነው። ሰፈሩን ቤት በቤት እየለቀመ የሚገዛ ኩባንያ አለ፤ ሰዎቹን ማንም በዓይኑ አይቷቸው አያውቅም፣ የሚያውቁት ሥሩ ስልክ ቁጥር ያለበትን ፖስታ ካርዳቸውን ነው። ለሚስተር ካስቴሎ ዘጠና ሰባት ሺህ ጥሬ ገንዘብ አቅርበውላቸዋል። እሳቸው ግን በረንዳው ላይ ቆመው «አንቺ ቤቱን እንደ ራስሽ ይዘሽዋል፤ ላንቺ በሰማንያ ስምንት ሺህ እሸጥልሻለሁ። ግን ኦዴሳ፣ ከዓርብ በላይ መጠበቅ አልችልም፤ ልጄ ታብዳለች» ብለዋታል። ኩባንያው ከገዛው ምን እንደሚሆን ኦዴሳ ከጎረቤቶቿ አይታለች። ኪራዩ በስድስት ወር ውስጥ ግማሽ ያህል ይጨምራል፤ ከዚያ ዕቃ መንገድ ዳር ይደረደራል።

መሀል ከተማ መኪናዋን ለማቆም ስምንት ዶላር ከፈለች። የመጋቢት ዝናብ ያካፋል። የፌዴራሉ ሕንፃ በር ላይ ጥበቃው ቀበቶዋን፣ የአውቶቡሱን ቁልፍና ኪሷ ውስጥ የነበረውን የሳንቲም ቦርሳ በሳህን አስቀምጦ አሳለፋት። የኪሳራ መዝገብ ቤቱ ሰልፍ አጭር ነበር፤ ሰባት ሰዎች፣ ሁሉም ወረቀታቸውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው የያዙ፣ እርስ በርስ ላለመተያየት ወደ መሬት የሚያዩ። ከፊቷ የቆመ የዘበኛ ልብስ የለበሰ ሰው ደጋግሞ ያቃስታል። ኦዴሳ «እኔ እኮ እንደነዚህ አይደለሁም» የሚል ሐሳብ መጣባትና አፈረች፤ ሐሳቡ ግን አልሄደም።

ከመስታወቱ ኋላ የተቀመጠችው ጸሐፊ ወይዘሮ ክዋርልስ ትባላለች፤ ስሟ ደረቷ ላይ ተለጥፏል። መነጽሯን በሰንሰለት አንጠልጥላለች፣ የሹራቧን እጅጌ እስከ ክርኗ ሰብስባለች። ኦዴሳ የድርጅቱን ደብዳቤ በመስታወቱ ሥር ስታሾልክላት አንብባ ሳትጨርስ መለሰችላት።

«የኔ እመቤት፣ ሁሉም ሰው መረጃውን እኛ የምንልክላቸው ይመስለዋል። ከዚህ ሕንፃ ለእነሱ አንዲት ወረቀት ወጥታ አታውቅም። እነሱ ናቸው ከየመዝገቡ የሚለቃቅሙት። ሰው ሲጮህባቸው ‹ተረጋግጧል› ይላሉ። ሃያ ሁለት ዓመት እዚህ ወንበር ላይ ነኝ፣ አንድ ቀን ደውሎ የጠየቀኝ የለም። ቢጠይቁኝ እንኳ ደስ ይለኝ ነበር፤ የሚያናግረኝ ሰው አገኝ ነበር።» ከኋላ ያለው ሰልፈኛ ፈገግ አለ። «እስቲ የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥርዎን መጨረሻ አራት አሃዞች ይንገሩኝ።»

«አርባ አራት፣ አሥራ ሰባት።»

ጸሐፊዋ መታች፤ ጠበቀች። «በዚህ ቁጥር ምንም የለም። እርስዎ ከስረው አያውቁም፤ እንኳን ደስ ያለዎት።» ቀጥላ በአባት ስም ፈለገች። ጣቷ ቆመ። ድምጿንም ዝቅ አደረገች። «አንድ ቶሊቨር አለች። መጨረሻዋ አርባ አራት፣ አሥራ ስምንት። ኦፌሊያ የምትባል ያውቃሉ?»

ኦዴሳ ሁለቱን ቁጥሮች በአእምሮዋ ጎን ለጎን አስቀመጠች። አንድ ቀን፣ አሥራ አምስት ዓመታቸው ሳለ፣ እናታቸው ሁለቱንም ለክረምት ሥራ እንዲመዘገቡ በከተማ አውቶቡስ ይዛቸው ሄዳ ነበር፤ ከአንድ ጨርቅ የተሰፋ ቀሚስ ለብሰው። የዋስትና ቁጥሩን ቅጽ አንዷ ከሌላዋ ኋላ ሞሉ፣ ቁጥሩም አንዱ ከሌላው ኋላ መጣ። ኦዴሳ አግብታ ስትፈታ ወደ አባቷ ስም ተመለሰች፤ ፌሊያ ከመጀመሪያውም አልተወችውም።

«መንታዬ ናት» አለች።

«በአንድ አሃዝ!» አለች ወይዘሮ ክዋርልስ፤ ራሷን ነቀነቀች። «ማሽኑ ‹ኦ›ን አየ፣ ቶሊቨርን አየ፣ ቁጥሩ ተቀራረበለት፣ የድሮ አድራሻችሁም አንድ ነው፤ በቃ፣ አንድ ሰው አደረጋችሁ። ማኅተም ያለበት ግልባጭ ይውሰዱ። እሱ ብቻውን ይበቃዎታል፣ ሌላ ምንም አያስፈልግም።» ወረቀቶቹን ስታትምና ማኅተሙን ስትመታ ቆይታ ቀና አለች። «አንድ ነገር ግን ይወቁት። ከእርስዎ ላይ ሲያነሱት አይጥሉትም፤ የዕዳው ባለቤት ላይ ነው የሚለጥፉት። እስከ ዛሬ እሷ ንጹሕ ሆና ኖራለች ማለት ነው።»

አሥራ ስድስት ዶላር ከስልሳ ከፍላ ወጣች።

ወረቀቱን ያነበበችው መኪናዋ ውስጥ ነው። አርባ ስድስት ገጽ ነው። መጀመሪያ ላይ ለማንበብ አላሰበችም፤ የመጀመሪያውን ገጽ ገልጣ የእህቷን ፊርማ ስታይ ግን ሞተሩን አጠፋች። ከፌሊያ ጋር ከተነጋገሩ ስድስት ዓመት ተኩል ሆኗቸዋል። እናታቸው የተቀበረች ዕለት፣ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ሰው ዶሮና የማካሮኒ ሳህን ይዞ እየተዟዟረ ሳለ፣ አንድ ዘመድ የእማ ቤት በአበዳሪ እጅ እንደገባ ነገራት። ፌሊያ ከእማ ጋር ነበር የምትኖረው። ፌሊያ ቱኒካ ያለው ቁማር ቤት መሄድ እንደምትወድም ሁሉም ያውቃል። ኦዴሳ ክፍሉን አቋርጣ ሄዳ፣ ድምጿን ሳትቀንስ፣ «የእማን ቤት ቱኒካ ወስደሽ በላሽው» አለቻት። ፌሊያ ሳህኗን አስቀመጠች፣ ካፖርቷን ለበሰችና ወጣች። ከዚያ ወዲህ የተያዩት በሁለት ሰዎች ቀብር ላይ ብቻ ነው፤ ያውም ከሩቅ ራስ በመነቅነቅ።

የዕዳው ዝርዝር ዘጠነኛው ገጽ ላይ ይጀምራል። ሆስፒታል፣ ሃያ ሁለት ሺህ። የኦክስጅን መሣሪያ ኪራይ፣ አሥራ ዘጠኝ ወር። የሌሊት አስታማሚ ድርጅት፣ ስድስት ሺህ ሦስት መቶ። በኤሌክትሪክ የሚነሳ ወንበር። ሁሉም ላይ ፌሊያ «እኔ እከፍላለሁ» ብላ ፈርማለች። አምቡላንስ፤ አምቡላንስ፤ አምቡላንስ። ኦዴሳ በጣቷ ቆጠረች፤ ዘጠኝ ነው። እሷ የምታውቀው ሁለት ጊዜ ነበር። በቤቱ ላይ የተወሰደው ብድር ቀኑ እማ ለመጀመሪያ ጊዜ ብዙ ቀን ሆስፒታል የተኛችበት ወር ነው፤ የእማ የተንቀጠቀጠ ፊርማ ከሥሩ አለ። ቱኒካንም ፈለገችው። አሥራ ሦስተኛው ገጽ ላይ፣ በአንድ የዊግ ሱቅና በአንድ የጎማ ሱቅ መካከል፣ ተገኘ። ዘጠኝ መቶ ዶላር።

ዝናቡ ጠነከረ፤ መስታወቱ ላይ ያለው ሁሉ ውሃ ሆነ። አምስት ሰዓት ከሃያ ነው። ማኅበሩ ከዚያ አሥር ደቂቃ ነው፤ ወረቀቱ እጇ ላይ ነው፤ ብቻውን ይበቃል ተብላለች። መታጠፊያው ጋ ደርሳ ፍሬቻ አብርታ ነበር፣ ከኋላዋ ያለው መኪና ጡሩንባ እስኪነፋባት ድረስ ቆመች። ከዚያ ፍሬቻዋን አጥፍታ ቀጥ ብላ ነዳች። ፌሊያ የት እንደምትሠራ ከዘመድ ወሬ ታውቃለች፤ ላማር ጎዳና ላይ ባለው ልብስ ንጽሕና ቤት ሸሚዝና ሱሪ ትተኩሳለች።

በሩ ላይ የተንጠለጠለው ደወል ተንጫጫ። የተለጠፈው ዋጋ ሸሚዝ ሁለት ዶላር ከሃምሳ፣ ሙሉ ልብስ አሥራ አራት ይላል። ውስጡ እንፋሎት ነው፤ ከባንኮኒው ኋላ በፕላስቲክ የተሸፈኑ ልብሶች በረድፍ ተሰቅለዋል፣ ከእነሱ ኋላ ፌሊያ ከትልቁ የመተኮሻ ማሽን ፊት ቆማለች። ፀጉሯን በሻሽ አስራለች። ኦዴሳ በመስታወት ራሷን ያየች መሰላት፤ የፌሊያ ትከሻ ግን ከእሷ ይልቅ ጎብጧል። ፌሊያ ቀና ብላ አየቻትና ማሽኑን ይዛ ደነገጠች።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።»

«ማንም ካልሞተ አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

ኦዴሳ ወረቀቱን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው። ፌሊያ መጥታ የላይኛውን ገጽ ሳትነካው አየችው። ከዚያ ተመልሳ ማሽኑ ላይ የነበረውን ሸሚዝ ተኩሳ ጨረሰች፣ አገላበጠችው፣ ሰቀለችው። እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«ደረስሽበት» አለች።

«ታውቂ ነበር?»

«ከሦስት ዓመት በፊት መኪና ልገዛ ስሄድ ሻጩ ‹እመቤቴ፣ መዝገብዎ እንደ ሕፃን ልጅ ነው፣ ምንም የለበትም› አለኝ። እግዚአብሔር አጠፋልኝ ብዬ አንድ ሳምንት ሙሉ እየዘመርኩ ሰነበትኩ። ከዚያ አንድ ቀን ሸሚዝ ስተኩስ ቁጥራችን ትዝ አለኝ። እንዲህ ያለ ነገር ጠፍቶ አይጠፋም አልኩ፤ የሆነ ቦታ ሄዷል።»

«እና ዝም አልሽ።»

«ዝም አልኩ። አንቺ ከማንም የማትበደሪ ሰው ነሽ፤ ምን ይጎዳታል አልኩ። አንዳንዴ ደግሞ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ይበላት ብያለሁ። ይኼ ነው። የሚያምር ነገር የለኝም።»

ኦዴሳ ከወረቀቱ አሥራ ሦስተኛውን ገጽ ገለጠች። «ዘጠኝ መቶ ዶላር ነው» አለች።

«ምኑ?»

«ቱኒካ።»

ፌሊያ ቅንድቧን አነሳች። «ኧረ ከዚያ በላይ ነበር! የቀረውን ከፍዬው ነው።» የሳቅ ነገር አፋቸው ጫፍ ላይ መጥቶ ሁለቱም ዘንድ ቆመ፤ ማንም አላወጣውም። ማሽኑ ብቻ ተነፈሰ።

«ለምን ያኔ አልተናገርሽም?» አለች ኦዴሳ። «ሁሉ ሰው ፊት ስሰድብሽ፣ ዘጠኝ አምቡላንስ ጠርቻለሁ ብትይኝ ምን ነበረበት?»

ፌሊያ አንድ ሱሪ አነሳች፤ በጨርቁ መስመር ጣቷን አስኬደችበት። ስትናገር ሱሪውን እንጂ እህቷን አታይም። «አንቺ እሁድ እሁድ ኬክ ይዘሽ ትመጪ ነበር። እማ ደግሞ ለእሁድ ብላ ቅዳሜን ሙሉ ተኝታ ጉልበት ታጠራቅማለች። ኦክስጅኑን መኝታ ቤት አስደብቃኝ፣ ሊፕስቲክ አስቀብታኝ ነው ሳሎን የምትቀመጥልሽ። ‹ለኦዴሳ እንዳትነግሪያት› ትለኛለች፤ ‹የሰው ልጆች ጭና መንገድ ላይ ናት የምትውለው፤ ሐሳብ ይዟት ከተጋጨችስ?› ትለኝ ነበር። የቀብሯ ቀን ቃሏን ልሰብር? ያውም በዶሮ ሳህን ላይ?»

ደወሉ ተንጫጫ፤ አንድ ቄስ መሳይ ወፍራም ሰው ሁለት ሙሉ ልብስ ሊወስድ ገባ። ፌሊያ ፈገግታዋን ከየት እንዳመጣችው አይታወቅም፤ «ፓስተር፣ ይኼ ሱሪ ወገቡ ላይ አቤቱታ አለው፤ እራት ይቀንሱለት» አለችው፤ ሰውዬው እየሳቀ ከፍሎ ወጣ። በሩ ሲዘጋ ፈገግታው አብሮት ሄደ።

«ሐሙስ የቤት ኪራይ ውል እፈርማለሁ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሃምሳ አምስት ዓመት ላለፋቸው የተሠራው አዲሱ ሕንፃ፤ አንድ መኝታ፣ መታጠቢያ ቤቱ የራሴ። አሁን ያለሁበት ቤት ለመታጠብ ከአራት ወንዶች ኋላ ነው የምሰለፈው። ሁለት ዓመት ወረፋ ጠብቄያለሁ። ሲፈረም መዝገቡን እንደገና ያዩታል።» ለምና የማታውቅ ሴት ነች። «እስከ ዓርብ ልታቆዪልኝ አትችዪም?»

«ዓርብ ሚስተር ካስቴሎ ቤቱን ለኩባንያው ይፈርማሉ። የምገዛው እሱን ነው። ዛሬ ካላስገባሁ አልደርስም።»

ውጪ ከባድ መኪና አለፈና መስታወቶቹ ተንቀጠቀጡ። ኦዴሳ ሰዓቷን ላለማየት ብላ ዓይኗን የዋጋ ዝርዝሩ ላይ ተከለች፤ የሠርግ ልብስ ከመቶ ሃያ ዶላር ጀምሮ ይላል። ፌሊያ ባንኮኒው ሥር ጎንበስ ብላ የደረሰኝ ደብተር አወጣች፤ ገልብጣ በጀርባው ባዶ ገጽ ላይ መጻፍ ጀመረች።

«ምንድን ነው የምትጽፊው?»

«የኔ መሆኑን ነዋ።»

«አያስፈልግም። ወረቀቱ ብቻውን ይበቃል፣ ጸሐፊዋ ነግራኛለች።»

ፌሊያ ብዕሩን እንደያዘች ቀና አለች። «ታዲያ ለምን መጣሽ?»

«ሳልነግርሽ መላክ አቃተኝ።»

«እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ ሳልነግርሽ መኖር አላቃተኝም» አለች ፌሊያ፤ መጻፏንም ቀጠለች። እጅ ጽሑፏ እንደ ልጅነቷ ክብና ቀጥ ያለ ነው። እኔ ኦፌሊያ ቶሊቨር በዚህ መዝገብ የተመለከተው ኪሳራ የራሴ መሆኑንና እህቴ ኦዴሳ ቶሊቨር በዚህ ዕዳም ሆነ በዚህ ጉዳይ ምንም እንደሌለችበት አረጋግጣለሁ። ሙሉ ቁጥሯን ጻፈች፤ ፈረመች፤ ቀን አኖረችበት። ገጹን ቀድዳ ሰጠቻትና ሌላ ሸሚዝ አነሳች።

ኦዴሳ ወረቀቱን አጥፋ ከሌላው ጋር ጃኬቷ ውስጥ አስገባችው። በሩን ከከፈተች በኋላ ዞረች። «ሐሙስ ስንት ሰዓት ነው?»

«አራት።»

«ሕንፃው ዋስ ይቀበላል?»

«እኔ እንጃ። አልጠየቅኩም። የሚዋሰኝ ሰው ስላልነበረ።»

ማኅበሩ ቢሮ ውስጥ ፕሬንቲስ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አነበበ። የደረሰኙን ጀርባ ሲያነብ ግን ቀስ አለ፤ ከጨረሰ በኋላም ትንሽ ይዞት ቆየ። «ሚስ ኦዴሳ፣ ጠዋት ስላልኩት…» ብሎ ጀመረ። ኦዴሳ አቋረጠችው። «የኔ ልጅ፣ የተጻፈውን ነው ያነበብከው። ሁለተኛ ግን ሰውየውን ጠይቅ።» እሷው እያየች ሁሉንም ላከላት። ለስምንት ሩብ ጉዳይ ሲል አውቶቡሷ ውስጥ ነበረች። ልጆቹ እንደ ሁልጊዜው በጩኸት ተሳፈሩ፤ አንዲት ትንሽ ልጅ ጥርሷ መውለቁን አሳየቻት። ኦዴሳ በየማቆሚያው በሩን ከፈተች፣ ዘጋች፤ ልጆቹ መንገዱን ተሻግረው እስኪገቡ በመስታወቱ ተከተለቻቸው። ዘጠኝ አምቡላንስ ወደዚያ ቤት ሲመላለስ እሷ በዚችው ሰዓት እዚሁ ወንበር ላይ እንደነበረች አሰበች። የመጨረሻዋ ልጅ ከወረደች በኋላ አውቶቡሱን ዳር አቁማ ጥቂት ደቂቃ መሪውን ይዛ ተቀመጠች፤ ከዚያ ወደ ግቢው መለሰችው።

ፕሬንቲስ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ደወለ። ኪሳራው ከመዝገቧ ተነስቷል፤ ብድሩም ተፈቅዷል። ለሚስተር ካስቴሎ ስትነግራቸው በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው ነበር፤ «ተመስገን፣ ለልጄ የምነግራት ነገር አገኘሁ» አሉ። ኦዴሳ ገብታ ወጥ ቤቱ ውስጥ ቆመች። ደስታው መጥቷል፣ ግን እንዳሰበችው ዓይነት አልነበረም፤ ሐሙስ ነው በሐሳቧ ያለው።

የሕንፃው አስተዳዳሪ ሚስ ላቲሞር አጭር ፀጉር ያላት ሴት ነች፤ ጠረጴዛዋ ላይ የአዲሶቹ ተከራዮች ቁልፎች በፖስታ ተደርድረዋል። ፌሊያ የቤተ ክርስቲያን ቀሚሷን ለብሳ ቀድማ ደርሳ ነበር። ኦዴሳ ከነሥራ ጃኬቷ ገብታ አጠገቧ ስትቀመጥ ፌሊያ ቦርሳዋን ከወንበሩ ላይ አነሳችላት፤ ሌላ አልተባባሉም። ሚስ ላቲሞር ኮምፒውተሯን ከፈተች፣ አነበበች፣ ወደ ኋላ ተመልሳ አነበበች። ቀና ስትል ፊት ለፊቷ የተቀመጡት ሁለት ፊቶች አንድ ዓይነት ናቸው።

«ባለፈው ሳምንት ንጹሕ ነበር» አለች ግራ ተጋብታ። «አሁን ኪሳራ አለበት። ስህተት መሆን አለበት፣ መንታ ትመስላላችሁ። የማናችሁ ነው?»

ኦዴሳ ለመናገር አፏን ከፈተች። ፌሊያ ግን እጇን እንደ ተማሪ ከጠረጴዛው ላይ ትንሽ ከፍ አደረገች።

«ስህተት የለውም። የኔ ነው» አለች፤ ድምጿ ከጠበቀችው በላይ ጎልቶ ወጣ። «እናቴን ሳስታምም ነው የከሰርኩት። ጥቂቱን ደግሞ ተጫውቼበታለሁ።»

ሚስ ላቲሞር ብዕሯን አስቀመጠች። ለጥቂት ጊዜ ፌሊያን አየቻት። «እንግዲህ ያለ ዋስ ላስፈርምዎ አልችልም» አለች፤ ድምጿ ለስለስ ብሎ ነበር። «መዝገቡ የጸዳ ዋስ ካለዎት…»

«እኔ አለሁ» አለች ኦዴሳ፤ መነጽሯን አደረገች።

ቅጹ አራት ገጽ ነበር። ኦዴሳ በሕይወቷ ለማንም ዋስ ሆና አታውቅም፤ ለባሏ እንኳ። እያንዳንዱን መስመር አነበበች፣ ሁለት ቦታ ላይ ጥያቄ ጠየቀች፣ ከዚያ በአራቱም ገጽ ፈረመች። ሚስ ላቲሞር ቁልፉን ከነፖስታው ለፌሊያ ሰጠቻት።

ውጪ ዝናቡ አቁሟል። መኪና ማቆሚያው ላይ በየመኪናቸው መካከል ቆሙ። ፌሊያ ፖስታውን አልከፈተችም፤ በሁለት እጇ ይዛዋለች።

«ሳልከፍል ብቀር ቤትሽ ድረስ እንደሚመጡ ታውቂያለሽ? ያንን የምትገዢውን።»

«አንብቤዋለሁ።»

«አልፈራሽም?»

«በጣም ፈርቻለሁ» አለች ኦዴሳ።

ከዚያ ስድስት ዓመት ተኩል ያልሰማችው የእህቷ ሳቅ ኦዴሳ ጆሮ ገባ፤ አጭር፣ ትንፋሽ የሚያሳጥር።

«እኔም» አለች ፌሊያ፤ ፖስታውን ከፈተችና ቁልፉን መዳፏ ላይ ገለበጠችው። «ነይ፣ ቤቱን አሳይሻለሁ።»